የቁርጥማቴ የመጨረሻ ዋጋ

ገበያ ውስጥ በመጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ብሩ የራሱ አይደለም። እኔ አዳማ ላይ ሽንኩርት ሸጬ ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአፌ ቀድሞ የወጣ ዋጋ እውነት ሆኖ አያውቅም። ይሄ ደግሞ ውሸት አይባልም፤ ሰላምታ ነው። «ስንት ነው?» ትለኛለች ገዢዬ፣ ከፍ አድርጌ እጠራለሁ፣ ትጮሃለች፣ እኔ በልጆቼ እምላለሁ፣ እሷ ጥላኝ ትሄዳለች፣ እኔ «ነይ ተመለሽ» እላለሁ፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። ከተማችን ራሷ አዳማም ናዝሬትም ተብላ ትጠራለች፤ የባጃጅ ሾፌር በየትኛውም ብትጠሩለት ያደርሳችኋል። እኛ አገር አንድ ብቻ የሆነ ነገር የለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው ሐኪም ቤት ጠርተው፣ «ህመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ብለው የጠየቁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የጡት ካንሰር ነበረብኝ። ሰፈሬ ውስጥ ስሙን አይጠሩትም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚሉት፤ ስሙን ከጠሩት ዞር ብሎ «አቤት» የሚላቸው ይመስል። እኔ ግን አብሬው ስለኖርኩ በስሙ ነው የምጠራው። መድኃኒቱን ስወስድ ፀጉሬ ሄዶ ተመለሰ፤ ግራ ጡቴ ሄዶ ቀረ።

ከሱቄ ቀጥሎ ቅመምና ጥራጥሬ የምትሸጠው ከዲጃ ናት። ከሐኪም ቤት ወጥቼ ወደ ሥራ እንደተመለስኩ አየት አየት አደረገችኝና፣ «አንቺ ሴት፣ በአንድ ጎኑ እንደተራገፈ አይሱዙ ታጋድያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ከለስላሳ ጨርቅ ድቡልቡል ከረጢት ሰፍታ ተልባ ሞላችልኝ። ልኩን ለማግኘት ሚዛን ያስፈልግ ነበር፤ የቀረውን ጡቴን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስለማይሆን በዓይኗ ገምታ ሰፈረችው። እንደ ልማዷም ምርቃት ጨመረችበት። ስለዚህ የተልባው ከእግዜሩ በለጥ ይላል።

አሁን በየቀኑ የምውጣት አንዲት ትንሽ ክኒን አለች። ሥራዋ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ በሬ ላይ ዘብ መቆም ነው። ዘብ ግን ቀለብ ይፈልጋል። የእኔዋ ዘብ ቀለቧ መገጣጠሚያዬ ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ እንደ ደረቀ በርበሬ ተጣመው አገኛቸዋለሁ። ጉልበቴ ደግሞ ቅባት እንዳጣ የጋሪ ጎማ ይንቋቋል፤ ሽንት ቤት ስሄድ ጎረቤት ይሰማል።

ከሁሉ የከፋው የሱቄ ጓጉንቸር ነው። ቁልፉን ከትቼ መጠምዘዝ አልችልም።

«ከዲጃ፣ ይሄ ጓጉንቸር ዝጎ እምቢ አለኝ፤ እስቲ ሞክሪው።»

ትመጣለች፣ በአንድ ጊዜ ጠቅ ታደርገዋለች። «ዘይት ቀቢው» ትለኛለች። «እቀባዋለሁ» እላታለሁ። እንዳይነቃብኝ ብዬ አዲስ ጓጉንቸር ገዛሁ። አዲሱም በነጋታው «ዛገ»።

ለምን ትደብቂያለሽ ትሉኝ ይሆናል። ሽንኩርት ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ነጋዴ ግን ከወሬ ነው የሚበሰብሰው። «እጇ ደከመ» የተባለች ቀን ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣው መኪና በእኔ በር ላይ ፍጥነቱን እንኳ አይቀንስም። መኪናውን የሚልክልኝ የመቂ ደላላ ገና ሳልሞት ደንበኞቼን ለሌላ ይድርብኛል።

እንዲህ ተደብቄ ስኖር ነው ከሐኪም ቤት የተደወለልኝ። ክኒኗን የምንወስድ ሴቶች ሁሉ የመገጣጠሚያ ህመማችንና የእጅ የእግራችን አቅም ሊለካ ነው ተባለ። መለካት ሲሉኝ ደስ አለኝ። እኔን በሚዛን ማን ይበልጠኛል?

ከሰዓት በኋላ ስደርስ አግዳሚው በሴት ሞልቷል፤ ከሞጆ፣ ከአሰላ፣ ከባቱ የመጡ። አግዳሚ ላይ የተቀመጠ በሽተኛ ሁሉ ግማሽ ሐኪም ነው። የባቱዋ ሴትዮ ለቁርጥማት የዓሣ ሾርባ የሚያክለው የለም አለችኝ፤ ዓሣ ትሸጣለች። የሞጆዋ በበግ ሞራ እሺው አለችኝ፤ ባሏ ሥጋ ቤት አለው። እኔም ነጭ ሽንኩርት ነው መድኃኒቱ አልኳቸው። ሰው የሚያዘው የሚሸጠውን ነው።

የምትለካን ነርስ ሲስተር ሃዊ ትባላለች፤ የልጄ እኩያ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ።

«አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋሉ እናቴ! ይኸውልዎ፣ ዜሮ ማለት ምንም ህመም የለም፤ አስር ማለት ከዚህ የባሰ አይታሰብም። የጣቶችዎ ህመም ስንት ነው?»

«አንቺ ስንት ትያለሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፤ የሚያምዎት እርስዎን!»

ይቺ ልጅ የበሰለች ገዢ ናት አልኩ በልቤ፤ ቀድማ ዋጋ አትጠራም። እሺ፣ እኔ ልጥራ።

«ዘጠኝ!»

«ኧረ እናቴ፣ ይቀንሱ እንጂ» እንድትለኝ ጠበቅኩ። እኔ ሰባት ልል፣ እሷ አራት ልትል፣ አምስት ተኩል ላይ ልንጨባበጥ። እሷ ግን ቀና እንኳ ሳትል፣

«ዘጠኝ። እሺ፣ ጉልበትዎስ?» አለች።

ደነገጥኩ። የነገዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ የጠራችሁትን ሳይከራከር የወሰደ ሰው ሲገጥማችሁ ደስ አይላችሁም፣ ይቆጫችኋል። በርካሽ ሸጫለሁ ማለት ነው!

«ጉልበቴ አስር!»

«እሺ፣ አስር። ትከሻዎ?»

«አስራ ሁለት!»

«እናቴ፣ እስከ አስር ነው ያለው።»

«በቃ አስር ይሁንልሽ። ላንቺ ስል ነው።»

አግዳሚው በሳቅ ተንጫጫ። እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ግን ቀጥሎ የአቅም መለኪያው መጣ። እንደ ፒንሳ የሚጨበጥ ነገር ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ሚዛን የሚዞር መርፌ አለው። ከእኔ በፊት የአሰላዋ ሴትዮ፣ እንደ ክር የቀጠነች፣ ጨምቃው ሃዊ «ጎሽ! ጎሽ!» ስትላት ሰምቻለሁ። አሁን ሁሉም ወደ እኔ ያያል። ጣቶቼ ዘጠኝ መባላቸውን ረሳሁት። ሰው ፊት ሚዛን አዋርዶኝ አያውቅም!

«ባለ በሌለ ኃይልዎ ይጭመቁት» አለችኝ።

የመቂው ደላላ አንገት ነው ብዬ ጨመቅኩት። ዓይኔ ላይ ኮከብ ታየኝ፤ መርፌው ግን ዘለለ። የባቱዋ አጨበጨበችልኝ። ቀጥሎ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር ቶሎ ቶሎ መነሳትና መቀመጥ ነው። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፤ የተልባው ጡቴ ከክንዴ ሥር እየሸሸ ብብቴ ገባ፣ እኔ አላቆምኩም። ሃዊ «ይበቃል እናቴ! በቃ!» ብላ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ገበያ ልኩት ግን ኪሱን ገልብጠው ይመልሱታል።

«እናት፣ ህመምዎ ዘጠኝና አስር ነው ብለዋል። የእጅዎ ኃይል ደግሞ የተሸካሚ ነው።»

«ተመስገን!»

«ተመስገን የሚያስብል አይደለም፤ ግራ የሚያጋባ ነው። ብቻ ህመሙ እውነት አስር ከደረሰ ይቺን ክኒን ማቆም ሊኖርብን ነው፤ ከዚያም…»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም። ማቆም የምትለዋ ቃል ጆሮዬን ዘጋችው። መድኃኒት ስንወስድ አልማዝ የምትባል ሴት ከጎኔ ነበረች፤ አብረን ተላጭተን፣ የማን ጭንቅላት እንደሚያምር አግዳሚ ላይ ያሉትን ዳኛ አድርገን የተፎካከርን። ቁርጥማቱ ሲብስባት ለማንም ሳትነግር ክኒኗን ተወችው። ስለ አልማዝ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የያዝነው ወግ ነው።

«ሰባት!» አልኩት ዶክተሩን።

«ምኑ?»

«ጣቴ። ሰባት ይሁን። ግድ የለም አምስት። ጉልበቴንም አራት ያድርጉት።»

«እናት፣ ይሄ ገበያ አይደለም።»

«ገበያ ያልሆነ ነገር የታለ ዶክተር? ሁሉንም በሦስት ይውሰዱትና ክኒኔን ይተዉልኝ!»

ዶክተሩ ሃዊን አያት፣ ሃዊ ጣሪያውን አየች። «ዛሬ ምንም አንወስንም» አለ በመጨረሻ። «ክኒኑን እየወሰዱ ይቆዩና ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና እንለካዎታለን። ያኔ እንወስናለን።»

የዚያን ዕለት እራት ላይ ማንኪያ ከጣቴ ወድቆ ወጥ ውስጥ ሰጠመ። ጀግንነት ዋጋዋን ማታ ነው የምትጠይቀው። ከወጡ ፊት ተቀምጬ ሐሳቤን አጸናሁ፤ በሁለተኛው ልኬታ ሁሉም ዜሮ ነው የሚሆነው። ጣቶቼ ይርገፉ፣ ክኒኗ አትሄድም።

ዜሮ ለማለት ግን ትንሽ ወደ ዜሮ መጠጋት ያስፈልጋል። በልኬታው ዋዜማ ሶደሬ ወርጄ ፍል ውኃው ውስጥ ልዘፈዘፍ ወሰንኩ። ከዲጃን «እንዝናና» አልኳት።

«አንቺ? ከመቼ ወዲህ ነው የምትዝናኚው? ልጅሽ ሠርግ ላይ እንኳ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቂ ነበር።» ግን መጣች።

ውኃው ድንቅ ነው። ጣቶቼ ተፍታቱ፣ ጉልበቴም ዝም አለ። ልብሴን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ የተልባውን ጡቴንም ከላዩ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «ዜሮ፣ ዜሮ» እያልኩ ስለማመድ ከዲጃ ጮኸች። ስገልጥ አንዲት ጦጣ፣ የሶደሬን ጦጣ መቼም ታውቋታላችሁ፣ ጡቴን በብብቷ ይዛ ዛፍ ላይ እየወጣች ነው።

ነጠላ ጣል አድርገን ዛፉ ሥር ቆምን። ከዲጃ ሙዝ ወረወረችላት። ሙዙን ተቀብላ በላች፣ ጡቱን ግን ያዝ አደረገችው። ሌላ ሙዝ ተወረወረ። እሱንም በላች። ሦስተኛውን ስትልጥ ከዲጃ፣

«ይቺ ጦጣ አይደለችም፤ የመቂ ደላላ ናት» አለች።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «ምን ወሰደችብዎት እናቴ? ስልክ ነው?»

«ጡቴን!»

ሰውዬው ደረቴን አየ። ዛፉን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ ለቀብር እንደሚቆሙት።

እኔ ብሽቅ ብዬ በቀኝ እጄ ድንጋይ እየለቀምኩ መወርወር ጀመርኩ። ትናንት ጓጉንቸር ያቃተው እጅ ንዴት ሲያገኝ እንዴት እንደሚወረውር! አንዱም አልነካትም። እሷ ተረጋግታ ከረጢቱን በጥርሷ ዘነጠለችው፣ ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ገለበጠችው። ተልባው እንደ ካፊያ ራሳችን ላይ ዘነበ።

«ምርቃቱን እንኳ አልተወችልሽም» አለች ከዲጃ።

ሳቁ ጣለን። መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ ፀጉራችን ተልባ እንደሆነ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ከዲጃ ብድግ አለች። እኔ ግን ብድግ ማለት እምቢ አለኝ። ጉልበቴ ተቆልፏል። እጄን ተደግፌ ልነሳ ብል ድንጋይ የወረወረው እጄ እንደ እሳት ነደደ። ከዲጃ ቁልቁል አየችኝ፤ አሁን አልሳቀችም።

«ጉልበትሽም ዛገ?» አለችኝ።

ከብብቴ ገብታ ቀስ አድርጋ አነሳችኝ። «ነገ ሐኪም ቤት አብሬሽ ነው የምሄደው» አለች። በከዲጃ ድምፅ ውስጥ ክርክር የሌለበት ዋጋ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በነጋታው በጠዋት፣ ለመገጣጠሚያ ክፉ በሆነው ሰዓት፣ የልጅ ልጄን ካልሲ ጠቅልዬ በተልባው ቦታ ሸጉጬ ሃዊ ፊት ቀረብኩ። ጣቶቼ እንደ ሙዝ አብጠዋል።

«ጣቶችዎ ስንት ናቸው እናቴ?»

«ዜሮ።»

«ጉልበትዎ?»

«ዜሮ። ኧረ እንደውም ይመቸዋል።»

ሃዊ ያበጡትን ጣቶች አየቻቸው። መጭመቂያውን ሰጠችኝ። የደላላውን አንገት አሰብኩ፣ የጦጣዋን አንገት አሰብኩ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ መሣሪያውን ተቀብላ ራሷ ጨመቀችው፤ መርፌው ሽቅብ ሄደ። መልሳ ሰጠችኝ። አሁንም ንቅንቅ የለም።

«ማሽኑ ዝጓል» አልኩ።

«ያ ረቢ!» አለች ከዲጃ ከአግዳሚው ብድግ ብላ። «ማሽኑም ዛገ? ሲስተር ስሚኝ፤ የዚህችን ሴት ሱቅ በጋ ከክረምት የምከፍተው እኔ ነኝ። ዝጓል ብላ ደህናውን ጓጉንቸር ለውጣለች። ወላሂ፣ አንዱም የዛገ አልነበረም!»

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም እንዴ? አፍሽን ከፍተሽ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት። እኔ ስከፍትልሽ ቁልፉን ሳይሆን እጄን ነበር የምታዪው።»

ዶክተሩ ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ሃዊ ሁለቱን ልኬታ ነገረችው።

«ያኔ ህመምዎ አስር፣ ኃይልዎ የተሸካሚ። ዛሬ ህመምዎ ዜሮ፣ ኃይልዎ የአራስ ልጅ። እናት፣ እኔ የማክመው የትኛዋን ሴት ነው?»

ያበጡትን ጣቶቼን ነጠላዬ ሥር ከተትኩ። «ክኒኔን እንዳትወስዱብኝ ነው» አልኩ። «እጄን ከፈለጋችሁ ውሰዱት። እሷን ግን ተዉልኝ።»

ሃዊ ወንበሯን ስባ ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጠች። ከእናቷ ጋር ገበያ ስትወጣ ያደገች ልጅ መሆኗን ያኔ ነው ያወቅኩት። ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ ሱቄ በር ላይ ዘንቢል ይዛ እንደቆመች፣

«እሺ እናቴ» አለችኝ። «ዘጠኝ ብለው ጠሩ፣ ዜሮ ድረስ ወረዱ። አሁን የመጨረሻውን ይንገሩኝ።»

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። ይቺ ቃል ከወጣች ጨዋታው አልቋል። የመጨረሻውን ተጠይቆ የሚዋሽ ነጋዴ የለም፤ ካለም ደንበኛ የለውም።

«ጣቶቼ ጠዋት ሰባት ናቸው» አልኩ። «ፀሐይ ሲነካቸው አምስት ይወርዳሉ። ጉልበቴ ስድስት ነው። ትከሻዬ… ትከሻዬ ሁለት ነው። አስራ ሁለት ያልኩሽ በንዴት ነው።»

«ከዚህ አይቀንስም?»

«አይቀንስም።»

«አይጨምርም?»

«ልጆቼን! አይጨምርም።»

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ያን ቀን አላስጨረሱኝም እንጂ ልነግርዎ የነበረው ይሄ ነው። ይቺን ክኒን ጥቂት ሳምንታት አቁመን ህመሙ የእሷ መሆኑን እናያለን፤ ከሆነ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ክኒን እንጀምራለን። አንዷ ያልተስማማችው ሰው ሌላዋ ልትስማማው ትችላለች።»

«ዘብ ማባረር አይደለም በሉኛ፤ ዘብ መቀየር ነው!»

«እንደሱ ነው።»

«በመሃልስ በሩ ባዶውን አያድርም?»

«ለእነዚህ ጥቂት ሳምንታት አይስጉ። ቀጠሮዎን ብቻ እንዳያሳልፉ። ራስዎ ግን መቼም እንዳያቆሙ፤ ሲያምዎት ይምጡና ይንገሩን። እውነተኛውን።»

ከዚያ ሃዊ የጣትና የጉልበት ማፍታቻ አሳየችኝ፣ ከገበያ ቤቴ በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ እንድሄድም አዘዘችኝ። በአዳማ ነፋስ! አቧራውን ስቅም ሁሉ ስሟን አነሳለሁ።

ይኸው አሁን አዲሷ ዘብ ሥራ ጀምራለች። ቁርጥማቱ ጥሎኝ ሄደ ብላችሁ ዋሸኋችሁ ማለት ነው፤ አልሄደም፣ ቀለቡን ግን ቀንሷል። ከዲጃም አዲስ ጡት ሰፍታልኛለች፤ ጦጣ እንዳይቀምሰው ብላ ተልባው ላይ ሚጥሚጣ ጣል አድርጋበታለች። በሙቀት ቀን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ወሬውም ቢሆን ደላላው ጆሮ ደርሷል። መኪናው ግን አሁንም በሬ ላይ ይቆማል፤ ለካ ሰውዬው ራሱ ወገቡን እያመመው በቀበቶ አስሮት ነው የሚውለው።

ጠዋት ጠዋት ጓጉንቸሩ ፊት እንገናኛለን። ደንብ አውጥተናል። ከአምስት በላይ ከሆነ ከዲጃ ትከፍታለች፣ ከአምስት በታች ከሆነ እኔ። ልክ አምስት ከሆነ እሷ ጓጉንቸሩን ትይዝልኛለች፣ እኔ ቁልፉን እጠመዝዛለሁ።

ዛሬ ጠዋትም ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ፣

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«ስምንት!»

«ውሸታም! ሦስት።»

«በልጆቼ፣ ከሰባት አይወርድም!»

«አራት ልስጥሽ። ካልሆነ ሄድኩ።» ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሱቋ መራመድ ጀመረች።

«ነይ! ነይ ተመለሽ፣ አንቺ ክፉ!»

ተመለሰች። አምስት ላይ ተስማማን። እጄን ጨበጠችው፤ ቀስ አድርጋ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጓጉንቸሩን ያዘችልኝ።